ቱና ዓሣ ከ1000 ሜትር በታች ወርዶ ለምን ቶሎ ይመለሳል?

የጦሳ መምህር

ሰላም ወገኖች። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንድ ተማሪ ያነሳት ጥያቄ እኔንም ስትከነክነኝ ሰነበተች። ልጁ ቱና የሚባለው ዓሣ በውቅያኖስ ውስጥ ከ1000 ሜትር በታች እንደሚጠልቅ አንብቦ መጣ። "ቲቸር፣ እዚያ ድረስ መውረድ ከቻለ ለምን እዚያው አይኖርም? ለምን ተመልሶ ይወጣል?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለት ቃል ተመልሶ መታለፍ የለበትም። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልጻፍ፣ እናንተም ጨምሩበት።

መጀመሪያ ነገር ቱና አንድ ዓይነት አይደለም። ከትንንሾቹ አንዱ ስኪፕጃክ ነው፣ በዓለም ላይ በቆርቆሮ ከሚታሸገው ቱና አብላጫው እሱ ነው። ቀጥሎ የሎውፊን አለ። ዓይኑ ትልልቅ የሆነው ቢግአይ አለ። ግዙፉ ብሉፊን ነው። በመንጠቆ ተይዘው ከተመዘገቡት ትልቁ 679 ኪሎ የመዘነ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ነው የተያዘው። እነዚህ ሁሉ ይጠልቃሉ፣ ግን አጠላለቃቸው ለየቅል ነው። ስኪፕጃክና የሎውፊን አብዛኛውን ጊዜ ሞቃቱን የላይኛውን ውሃ አይለቁም። የሎውፊን ግን አልፎ አልፎ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደሚመለስ በሕንድ ውቅያኖስ ተመዝግቧል። ቢግአይ ቀን ቀን ከ300 እስከ 500 ሜትር ላይ ይውልና ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል። ብሉፊንም ከ1000 ሜትር በታች እንደሚወርድ ተረጋግጧል።

እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፦ ቱናን ወደ ታች የሚያወርደው ሆዱ ነው፣ ወደ ላይ የሚመልሰው ደግሞ ልቡ። ልቡ ስል ደም የሚረጨውን ልብ ማለቴ ነው። ዝርዝሩን እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሰኞ ገበያ

መምህር፣ አየር ለመሳብ አይደለም እንዴ የሚወጣው? ዶልፊንም እኮ እየጠለቀ ይወጣል። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

የጦሳ መምህር

አይደለም ወንድሜ። ዶልፊን አጥቢ ነው፣ ሳንባ አለው፣ ካልወጣ ይታፈናል። ቱና ዓሣ ነው፣ ኦክስጅኑን ከውሃው ላይ በስንጥቡ ነው የሚወስደው። የሚገርመው ግን የእሱም ጣጣ አለበት። ብዙ ዓሣ ቆሞም ቢሆን አፉንና የስንጥብ ክዳኑን እያንቀሳቀሰ ውሃ ያስገባል፣ ቱና እንደዚያ አይሆንለትም። አፉን ከፈት አድርጎ ሁልጊዜ ወደፊት መዋኘት አለበት፣ ውሃው በስንጥቡ የሚያልፈው በዚህ ብቻ ነው። ከቆመ ይታፈናል። ቀን ከሌት፣ ከተፈለፈለ እስኪሞት ይዋኛል። ሰውነቱም ከውሃ ይከብዳል፣ መዋኘት ቢያቆም ይሰምጣል።

ስለዚህ የሚወጣው ለአየር አይደለም። ለሙቀት ነው።

ቧንቧ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህር "ሆዱ ነው የሚያወርደው" ያሉትን ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ውቅያኖስ ውስጥ በየቀኑ የሚደረግ ትልቅ ጉዞ አለ። ትንንሽ ዓሦች፣ ስኩዊዶች፣ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ቀን ቀን ጨለማ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳሉ። ብርሃን ላይ ከተገኙ የሚበላቸው ያያቸዋላ። ሲመሽ ደግሞ ለመመገብ ወደ ላይ ይመጣሉ። ጎህ ሲቀድ ተመልሰው ይወርዳሉ። ይህ በየቀኑ፣ በዓለም ውቅያኖስ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሚሆን ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለኩ ሰዎች ባሕሩ መሃል ላይ ወለል የሚመስል ነገር ያገኙ ነበር፣ ያ "ወለል" ደግሞ ሲመሽ ከፍ፣ ሲነጋ ዝቅ ይላል። ኋላ ላይ ሲጣራ ድምፁን መልሶ የሚያስተጋባው ይሄ የፍጥረታት መንጋ ሆኖ ተገኘ።

ቢግአይ የሚከተለው ይህንን መንጋ ነው። መንጋው ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል። ዓይኑ ትልቅ መሆኑም ለዚህ ይጠቅመዋል፣ እዚያ ታች ያለው ብርሃን ጭላንጭል ነው።

ግን አንድ ነገር ላንሳ። ቢግአይ ቀኑን ሙሉ ታች አይቆይም። ምግቡ ታች ሆኖ እያለ በየመሃሉ ወደ ላይ ብቅ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ምግብ ብቻ ቢሆን ምክንያቱ ለምን ይወጣል? የመምህር ልብ እዚህ ጋ ነው የሚገባው መሰለኝ።

ባሕረኛው የኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ መርከብ ላይ ነው፣ ሞተር ክፍል። ስለ ቱና ሳይንሱን ለመምህርና ለእህታችን እተዋለሁ፣ እኔ በእጄ የነካሁትን ልንገራችሁ።

መርከብ መልሕቅ ጥሎ ወደብ ተራ ሲጠብቅ ሠራተኛው ዓሣ ያጠምዳል። አንዴ ስኪፕጃክ ወጣልን። ዓሣው መርከቡ ብረት ላይ ሲወድቅ አያያዙ ሌላ ነው፣ ጅራቱ እንደ ሌላው ዓሣ አይደለም፣ ከመፍጠኑ የተነሳ መንቀጥቀጥ ነው የሚመስለው። ወጥ ቤት የሚሠራው ፊሊፒናዊ ወዲያው ጉሮሮውን በጥቶ ደሙን አፈሰሰ፣ ደሙ ቶሎ ካልወጣ ሥጋው ይበላሻል አለ። ከዚያ ከጀርባው በኩል ሰነጠቀው። አከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ጥቁር ቀይ ነው፣ ጉበት ነው የሚመስለው፣ ወደ ውጭ ሲሄድ ይነጣል። እጄን ጥቁሩ ሥጋ ላይ ሳደርግ ሞቅ ብሎ አገኘሁት። ዓሣ፣ አሁን ከባሕር የወጣ፣ ሞቃት! ወላሂ ደነገጥኩ። ዓሣ ሲባል ቀዝቃዛ ነገር ነበር የማውቀው።

ፊሊፒናዊው አልገረመውም። ቱና እንደዚያ ነው አለኝ፣ ሥራውን ቀጠለ።

የጦሳ መምህር

ባሕረኛው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፍል ውስጥ ያጣሁት ነገር ይሄ ነበር። አንተ የነካኸውን ጆን ዴቪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1835 ጽፎታል። ስኪፕጃክ ሰውነቱ ከባሕሩ ውሃ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንደሚሞቅ ለክቶ አገኘ። ዝርዝሩን ያጠኑት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ፍራንሲስ ኬሪ የሚባል ዉድስ ሆል በተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም የሚሠራ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናቸው።

ያ ጥቁር ቀይ ሥጋ ሳያርፍ የሚዋኝበት ጡንቻው ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይሞቃል፣ ይህ በሁሉም ዓሣ ያለ ነው። ነገር ግን የሌላው ዓሣ ደም ሙቀቱን ይዞ ስንጥቡ ጋ ሲደርስ ቀዝቃዛው ውሃ ይነጥቀዋል። ስንጥብ እኮ ቀጭን ነው፣ ደሙንና ውሃውን የሚለየው ስስ ሽፋን ነው። ኦክስጅን ሲገባ ሙቀት ይወጣል። ቱና ታዲያ ይህን ያመለጠበት መንገድ አለው። ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደምና ከስንጥቡ የሚመጣው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተጠጋግተው ያልፋሉ። ሞቃቱ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ያስረክባል። ስለዚህ ሙቀቱ ስንጥብ ሳይደርስ ወደ ጡንቻው ይመለሳል።

ፋብሪካ ሰፈር

ኧረ መምህር፣ ይሄማ ሂት ኤክስቼንጀር ነው! ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ነው የምሠራው። በአንድ በኩል የፈላው ፈሳሽ ይገባል፣ በሌላው በኩል ቀዝቃዛው ውሃ በተቃራኒ ይመጣል፣ በመሃላቸው ቀጭን ብረት ነው ያለው። አይቀላቀሉም፣ ሙቀቱ ብቻ ይሻገራል። በአንድ አቅጣጫ ካስኬድካቸው መሃል ላይ እኩል ይሆኑና ያበቃል። በተቃራኒ ካስኬድካቸው ግን የሚሞቀው መውጫው ላይ ከገባው ትኩስ ጋር ሊቀራረብ ነው። እኛ ጋ አንድ ሰው ቧንቧውን አዟዙሮ ቢገጥመው ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ጥያቄ አለኝ ግን። እኛ የማንፈልገው ጊዜ ቫልቭ እንዘጋለን፣ በሌላ መስመር እናሳልፋለን። ዓሣው መቆጣጠር ይችላል ወይስ ሁሌ እንደተከፈተ ነው?

የጦሳ መምህር

ጥያቄህ ልብ ውስጥ ገባ። ይችላል። ሃዋይ አካባቢ ቢግአይ ላይ መሣሪያ አስረው ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ይሄንን ነው። ቢግአይ ቀዝቃዛው ውስጥ ሲሆን ሙቀቱን ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። ወደ ሞቃቱ ውሃ ሲወጣ ግን በጣም ፈጥኖ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ እጥፍ ነው። አንተ ያልከው ቫልቭ ማለት ይሄ ነው፣ ሲያስፈልገው ይጠቀምበታል፣ ሳያስፈልገው ያልፈዋል። ለዚህ ነው ላይ ጥቂት ቆይቶ ለረጅም ጊዜ ታች መመለስ የሚችለው። ቧንቧ ውሃ ለጠየቅሽውም መልሱ ይህ ነው፣ በየመሃሉ የሚወጣው ሊሞቅ ነው።

አሁን ወደ ልቡ። ዓሣ ላይ ደም ከልብ ወጥቶ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስንጥብ ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ የሚመገበው ደም ደግሞ ከስንጥቡ ቀጥታ የሚመጣው ነው፣ ያ ደም የውሃውን ያህል ቀዝቅዟል። ሙቀት የሚያስቀረው የደም ሥር መረብ ከጡንቻው አጠገብ ነው ያለው፣ ልቡን አያድንለትም። በሌላ አባባል ጡንቻው ሞቃት፣ ዓይኑና አንጎሉ በብሉፊንና በቢግአይ ላይ ሞቅ ያሉ፣ ልቡ ግን በዙሪያው ያለውን ውሃ ያህል ቀዝቃዛ ነው። ላዩ 27 ዲግሪ፣ 1000 ሜትር ላይ 5 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ባሕር ውስጥ ልቡ በአንድ ጉዞ ይህን ሁሉ ለውጥ ይቀበላል። ልብ ሲበርድ ምቱ ይዘገያል። ሞቃቱ ጡንቻ ግን እንደ ልማዱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ልቡ ያን ያህል ማድረስ አይችልም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጨናነቀው።

ብሉፊን ከሌሎቹ የሚበልጠው አንዱ በዚህ ነው። የልቡ ጡንቻ በቅዝቃዜ ውስጥም ለመምታት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ቶሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይቆም ይመታል። የሎውፊን ልብ ይህን ያህል አይችልም። ለዚህ ነው የሎውፊን ወርዶ ቶሎ የሚመለሰው፣ ብሉፊን ደግሞ በሰሜን አትላንቲክ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ጭምር የሚመገበው።

የሐይቅ ዳር አስጋሪ

ልጆች፣ ሰላም ዋሉ። እኔ ሐይቅ ላይ መረብ የምጥል ሰው ነኝ። የጻፋችሁትን ልጄ አነበበልኝ፣ አሁንም እሱ ነው የሚጽፍልኝ። ያላችሁት ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን የጠፋብኝ ነገር አለ። የእኛ ሐይቅ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል ይባላል። ቆሮሶው ዳር ዳሩን ነው የሚወደው፣ መሃል ላይ አስረዝመን ብንጥል መረቡ ባዶውን ይወጣል። እና እኔ ይህን የማውቀው መረቤን ጎትቼ ነው። 1000 ሜትር ላይ ያለውን ዓሣ ግን ማን አየው? በምን አወቁ?

ቧንቧ ውሃ

ጋሼ፣ እንኳን መጡልን። ጥያቄዎ ትክክል ነው፣ ማንም እዚያ ወርዶ አላየውም። ዓሣው ራሱ እንዲመዘግብ ነው የሚደረገው። ዓሣውን ይይዙና ሆዱ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ያስገባሉ፣ ይሰፉታል፣ ይለቁታል። መሣሪያው ሦስት ነገር ይጽፋል። የውሃውን ግፊት፣ የውሃውንና የሰውነቱን ሙቀት፣ ከዚያም ብርሃኑን። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የአየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር ግፊቱን ካወቁ ጥልቀቱን ያውቃሉ። ብርሃኑ ደግሞ ፀሐይ የወጣችበትንና የገባችበትን ሰዓት ይነግራል፣ ከዚያ ተነስተው ዓሣው የት አካባቢ እንደነበር ያሰላሉ። ያ ዓሣ አንድ ቀን ሲጠመድ መሣሪያው ይመለሳል። ሌላው ዓይነት ውጭ ላይ የሚታሰር ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱን ፈትቶ ወደ ላይ ይንሳፈፍና መረጃውን በሳተላይት ይልካል።

ስታንፎርድ ያሉት ባርባራ ብሎክና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ የአትላንቲክን ብሉፊን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አወጡ። ከ1000 ሜትር በታች እንደሚወርድ፣ ውቅያኖሱን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያቋርጥ፣ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖም ሰውነቱን ሞቃት እንደሚያደርግ መዝገቡ አሳየ።

የቢግአይን የአንድ ቀን መስመር ያየሁት ጊዜ ፈዝዤ ቀረሁ። ሌሊቱን ላይ ላይ ይላል። ልክ ሲነጋ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ታች ደርሶ አግድም ይሄዳል፣ ከዚያ ሹል እያለ ሽቅብ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ፀሐይ ስትገባ አንዴ ተነስቶ ላይ ይቀራል። በነጋታው እንደገና ያው ነው። ከሥሩ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት መስመር አለ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ላይ ሲደርስ ቶሎ ይነሳል። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ሲያዩ ዓሣው ምን እያደረገ እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አዝዋ ገደል

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን "ሆዱ ያወርደዋል" በሚለው ብቻ አልስማማም። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ብቻ ተወርውሮ በጣም ጥልቅ ወርዶ ወዲያው የሚመለስ ቱና አለ፣ ወጣቱ ደቡባዊ ብሉፊን ላይ በደንብ ተመዝግቧል። ምግብ ፍለጋ ቢሆን ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ብቻ ለምን? ታች ደርሶስ ሳይቆይ ለምን? አንዳንድ ተመራማሪዎች የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ለማንበብና አቅጣጫ ለመያዝ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የቱና ጭንቅላት አናት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቦታ አለ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚለይ የአንጎል ክፍል አለ። ጎህና ምሽት ላይ ብርሃን በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ለመለካት የሚመች ሰዓት ነው።

ከሚያሳድደው ሻርክና ዓሣ ነባሪ ለመሸሽ የሚወርድም ይኖራል። አንድ ፍጥረት አንድን ነገር የሚያደርገው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው ማለት ትንሽ ያስቸግረኛል።

የጦሳ መምህር

አዝዋ፣ ሐሳቡን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሐሳብም ነው፣ ግን ገና ሐሳብ ነው። የአቅጣጫው ነገር በቀጥታ አልተረጋገጠም። የዕለት ተዕለቱን መውረድና መውጣት፣ በተለይ የቢግአይን፣ ምግቡና ሙቀቱ በደንብ ይገልጹታል፣ ይህን የሚያሳየው መረጃ ብዙ ነው። የጎህና የምሽቷን ውርወራ ለብቻዋ እንያት ብትለኝ እስማማለሁ። ለመውረዱ ምክንያቱ የፈለገው ይሁን፣ ሲወርድ ግን የሚከፍለው ያው ነው። ለምግብም ይውረድ፣ ለአቅጣጫም፣ ሻርክ ሸሽቶም፣ ልቡ እየበረደ ነው የሚሄደው። መመለሻውን የሚወስነው እሱ ነው።

የሐይቅ ዳር አስጋሪ

እናንተ ስለ ሙቀት ብቻ ነው የምታወሩት። የእኛ ሐይቅ ታች ያለው ውሃ እስትንፋስ የለውም ይላሉ የመጡት ተመራማሪዎች። ንፋስ ሲያገላብጠው ነው ዓሣ የሚሞተው። ባሕሩስ ላይ እንደዚያ የለም?

ቧንቧ ውሃ

ጋሼ፣ አለ፣ ያውም ቅርባችን። ከየመንና ከኦማን ማዶ ያለው የዓረብ ባሕር መሃከለኛው ጥልቀት ላይ ኦክስጅኑ በጣም ያነሰ ነው። ምሥራቃዊው ሞቃት ፓስፊክም እንደዚያ ነው። ከላይ የሚወርደው የበሰበሰ ነገር ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ አዲስ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይመጣም። ስኪፕጃክና የሎውፊን እዚያ መውረድ ይከብዳቸዋል፣ ላይኛው ስስ ውሃ ውስጥ ይታጨቃሉ። ቢግአይ ግን ደሙ ከትንሽ ኦክስጅንም መያዝ ስለሚችል ሌሎቹ የማይደፍሩትን ይደፍራል። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ይህ ነገር እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ባሕረኛው የኮምቦልቻ

እህቴ ያልሽው ትክክል ነው፣ አስጋሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ላይ ላይ የታጨቀ ዓሣ ለመረብ ይመቻል። ሲሸልስ ቪክቶሪያ ወደብ ላይ የቱና መርከቦች ሲያራግፉ አይቻለሁ። በረዶ የሆነው ዓሣ ተራ በተራ ሲወርድ ድምፁ የድንጋይ ነው። አብዛኛው ስኪፕጃክና የሎውፊን ነበር፣ ከላይ የሚገኙት።

ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚገባዎትን ልንገርዎ። ቢግአይን የሚፈልጉት በረጅም ገመድ ነው የሚያጠምዱት። ገመዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ መንጠቆዎቹ በየቦታው ይንጠለጠላሉ። ድሮ መንጠቆው ብዙም አይወርድም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጃፓኖቹ ቀን ላይ ጠለቅ አድርገው መጣል ጀመሩ፣ ቢግአይ ቀን የት እንደሚውል ስለገባቸው ነው። የዓሣውን ውሎ ያወቀ ነው የሚይዘው፣ እርስዎም ቆሮሶ የት እንደሚውል እንደሚያውቁት።

የሐይቅ ዳር አስጋሪ

አብሽር ልጄ፣ ገባኝ። መረብ የሚጥሉትስ ቢግአዩን አይነኩትም ማለት ነው? ታች ከዋለ ተረፈ?

ባሕረኛው የኮምቦልቻ

አይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ ነገር ያለው። መርከቦቹ ባሕሩ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ይለቃሉ፣ ከሥሩ መረብና ገመድ የተንጠለጠለበት፣ ላዩ ላይ የት እንዳለ የሚናገር መሣሪያ ያለበት። ዓሣ ተንሳፋፊ ነገር ሥር መሰብሰብ ይወዳል። ቢግአይ እዚያ ሥር ከተጠጋ የቀን ውሎውን ይተዋል፣ ወደ 300 ሜትር አይወርድም፣ ላይ ላይ ከስኪፕጃኩ ጋር ይቆያል። ገና ያልወለደው ትንሹ ቢግአይ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። መረቡ ሲዘጋ ለስኪፕጃክ የተጣለው መረብ እሱንም ጠቅልሎ ያወጣዋል። ሲታሸግ ደግሞ ማንም አይለየውም። የሕንድ ውቅያኖስ አገሮች ስለ ተንሳፋፊዎቹ ቁጥር ሲከራከሩ ዓመታት ሆኗቸዋል፣ ለአንድ መርከብ የሚፈቀደውን ቁጥርም እየቀነሱ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ከዚህም በጣም መቀነስ አለበት። ትንሹ ቢግአይ ታች ወርዶ ማደግ አለበት፣ ካልወለደ ነገ የሚጠመድ የለም።

ፋብሪካ ሰፈር

ባሕረኛው፣ ቆርቆሮው ላይ የዓሣው ዓይነትና የተያዘበት መንገድ ይጻፋል? ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ስገባ ማየት እፈልጋለሁ።

ባሕረኛው የኮምቦልቻ

አንዳንዱ ላይ ይጻፋል። ስኪፕጃክ ከሆነ ዓይነቱ በስሙ ይጠቀሳል። በነጠላ ዘንግና መንጠቆ የተያዘ ከሆነ፣ ለምሳሌ የማልዲቭስ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ይህን በደስታ ነው የሚጽፉት። አንድ ሰው አንድ ዓሣ ስለሚያወጣ እኔ ከመረቡ ይልቅ የምመርጠው እሱን ነው። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ ባለሱቁን ሌላ ዓይነት እንዲያመጣ ጠይቀው፣ ሰው ሲጠይቅ ነው ነጋዴውም የሚያመጣው።